በስልክ የማይነገር

ሰሜን ኖርዌይ ያለችው ናርቪክ ከተማ ሊገባ አርባ ኪሎ ሜትር ሲቀረው የሞተር ብስክሌቱ ሰንሰለት ተበጠሰ። ከኦስሎ ብቻውን ከተነሳ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ዝናቡም አላባራ ብሎታል። ሳይወድ በግዱ እዚያው ናርቪክ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ደወለ።

«በሰላም ነው? ምን እግር ጣለህ?» አለው ወንድሙ ደንግጦ።

«ናፍቀኸኝ ነው፣ ጋሼ።»

የእናታቸውን ሞት ከሰማ አሥር ቀኑ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም ብሎ ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣው፤ ወንድሙ ገና ሲያየው እንዳይጠረጥር፣ ለሐዘን ያሳደገውን ጢሙን ጠዋት ተላጭቷል። ምን ብሎ እንደሚጀምር ሲያወጣ ሲያወርድ መኪና አጠገቡ ቆመ።

ወንድሙ ወረደ። ሳይላጭ ከቤት የማይወጣው ሰው ጢሙ ጎፍሯል።

ታናሹ ጢሙን አይቶ የራሱን የተላጨ አገጭ ዳበሰ።

«እኔ እኮ» አለ ወንድሙ፣ «ቅዳሜ ሰው ይዤ መጥቼ ላረዳህ ነበር።»