ወር ሙሉ ያልጨረሰው

«ይሄ ኮምፒውተር ስሌቱን መቼ ነው የሚጨርሰው?» ብላ ብትጠይቀው ታናሽ ወንድሟ ምናሴ ሳቀ።

«እታለም፣ ይጨርስ ወይ ዝም ብሎ ይሽከርከር እኔም አላውቅም። የትኛው ስሌት እንደሚያልቅ፣ የትኛው ለዘላለም እንደሚዞር ሁልጊዜ አስቀድሞ የሚለይ ማሽን የለም፤ ሊኖርም አይችልም። መጠበቅ ብቻ ነው።»

ለመመረቂያ ጥናቱ ብሎ ኮምፒውተሩን ከከፈተው ወር አለፈው። ዛሬ እሷ ሰርግ ተጠርታለች፤ ካውያውና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ ከተሰኩ ደግሞ መብራቱ ይቋረጣል። «ወር ሙሉ ያልጨረሰ ከእንግዲህም አይጨርስም» አለችና የኮምፒውተሩን ማጥፊያ ተጫነችው።

ቀሚሷን ተኩሳ ሳትጨርስ ምናሴ በሸሚዝ ብቻ፣ ዝናብ አበስብሶት ገባ። የጠቆረውን ስክሪን ሲያይ ክው አለ።

«መብራት ሄዶ ነበር» አለች፣ ገና ሳይጠይቃት።

ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ አንድ ከባድ ሳጥን ጎትቶ አወጣ። «ባትሪ እኮ ገጥሜለት ነበር! መብራት ሲሄድ እንዳይጠፋ ብዬ፣ ጃኬቴን ሸጬ! ያ ባለሱቅ የማይሠራ ነው ለካ የሰጠኝ!»

ሳጥኑን ታቅፎ ወደ ባለሱቁ ሊወጣ ሲል እንባዋን አየና በሩ ላይ ቆም አለ።

«አይዞሽ እታለም» አላት፤ «አንቺ ምን አጠፋሽ?»