የመርዶ ቀልድ

«እንዳይናገሩ፣ ጋሽ ዑበይዱላህ። ገብተው ዝም ብለው መቀመጥ ብቻ ነው» አለ ምስጋናው፣ ካሜራውን ከአጥሩ ጥግ እያቆመ።

ዑበይዱላህ በሐይቅ ከተማ ሠርግ ያለ እሱ የማይደምቅ ቀልደኛ ነው። እስከዛሬ ብዙ ሰው ብዙ ነገር አዞታል፤ ዝም በል ያለው ግን ይኼ ከደሴ የመጣ ልጅ የመጀመሪያው ነው። ልጁ አጫጭር አስቂኝ ፊልም ይሠራል፤ ስለ ሳቅ ሲያወራ ግን ፊቱ አይፈታም።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሁለት ሽማግሌዎች አንዲት ሴት በሬዋ መሞቱን ሊያረዷት በጠዋት ይመጣሉ፤ ፈርተዋትም ቃል ከአፋቸው አይወጣም። አንደኛው ሽማግሌ ዑበይዱላህ ነው፤ ሌላው ወንዱ የሚባል ልብስ ሰፊ። ሁለቱም ጋቢ ደርበዋል፤ ሴትየዋ የቤቱ ባለቤት ዋሲላ ናት።

«ሙዚቃ የለም። ፊታችሁንም አላቀርብም» አለ ምስጋናው። «ካሜራው ከሩቅ ሦስታችሁንም ያያል፤ አይንቀሳቀስም፣ አይቆረጥም። ከቆረጥኩት ተመልካቹ ይገላገላል። ካልቆረጥኩት ግን አብሯችሁ ይጨንቀዋል፤ ሲጨንቀው ይስቃል።»

«ዋሲላስ ምን ትላለች?»

«እትዬ ዋሲላ ታሪኩን አያውቁም። ሁለት ሰዎች ይመጣሉ፣ ሰላም ይበሏቸው ነው ያልኳቸው። ሆን ብዬ ነው፤ ካወቁ ያስመስላሉ።»

ዑበይዱላህ ወደ ዋሲላ በር ዞር ብሎ አየ። የዋሲላ አንድያ ልጅ፣ ሀምዳን፣ በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ሊሻገር ከወጣ ቆይቷል። ጀልባው መገልበጡን ከዚያ የተረፈ ልጅ መስጊድ ጓሮ እያለቀሰ ነግሮታል፤ ለእናቱም አንተው ንገርልኝ ብሎታል። ዑበይዱላህ ረመዳን ይለፍ አለ፣ ከዚያ አረፋ ይለፍ አለ፣ ከዚያ መኸሩ ይግባ አለ። ዋሲላ መንገድ ላይ ባገኘችው ቁጥር «ወሬ ሰማህ?» ትለዋለች፤ እሱ ያስቃትና ይሄዳል። ቤቷንም ለፊልሙ የሰጠችው ራሷ ናት። «ሰው ይግባበት፣ ጭር ብሎብኛል» ብላ።

«ሌላ ቤት ብንፈልግስ?» አለ።

«የጠዋቱ ብርሃን ያመልጠናል ጋሼ።»

ገቡ። ዑበይዱላህ አልቻለም፤ ገና ከመቀመጡ ስለ ዋሲላ ዶሮ ቀለደ። ዋሲላ ሳቀች፤ ቀረጻ ለማየት አጥሩ ላይ የተደረደሩት ጎረቤቶችም ሳቁ። ምስጋናው አስቁሞ መጣና ጆሮው ሥር ቀስ ብሎ፣ «ሳቁን እርስዎ አይስጧቸው። ራሳቸው ያምጡት» አለው።

እንደገና ገቡ። ግቢው ውስጥ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«ደህና አደራችሁ? ምን እግር ጣላችሁ?» አለች ዋሲላ ፈገግ ብላ።

«ይመስገን» አለ ወንዱ። ቆየና፣ «ዝናቡ... ደህና ነው ዘንድሮ።»

ዑበይዱላህ ጉልበቱን አየ። ከአጥሩ ወዲያ የታፈነ ሳቅ ይሰማል። ልጁ እውነቱን ነው፤ ዝምታው በረዘመ ቁጥር ሳቁ ይብሳል።

የዋሲላ ፈገግታ ግን ቀስ በቀስ ጠፋ። ሁለት ሰዎች ጋቢያቸውን ደርበው በጠዋት መጥተዋል፤ ዓይኗን አያዩም። እሷም ስንት ሰው ቤት እንዲህ ሄዳ መርዶ አርድታለች።

«ዑበይዱላህ፣ እስቲ ቀና በል» አለች።

ቀና ማለት አቃተው። ወንዱ ተራው ደርሶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አብሽሪ ዋሲላ። በሬሽ... ሞተ።»

አጥሩ በሳቅ ተናጋ። ምስጋናው በደስታ ከንፈሩን ነከሰ፤ አልቆረጠም።

«በሬ የለኝም» አለች ዋሲላ። ሳቁ ባሰ። እሷ ወንዱን አላየችውም። «እኔ በሬ የለኝም፣ ዑበይዱላህ። ያለኝ ሀምዳን ነው።»

ሳቁ ቆመ።

ለዑበይዱላህ አንድ ቀልድ ምላሱ ላይ ደርሶለት ነበር። ቢላት ትስቅ ነበር፤ እሱም እንደልማዱ ሹልክ ይል ነበር። በራሱ አፈረ። ከአግዳሚው ተነስቶ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠና እጇን ያዘ።

«ባሕር ወሰደው፣ ዋሲላ። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ።»

ዋሲላ እጁን እንደያዘች ወደ መሬት ወረደች፤ ጩኸቷ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምስጋናው ጨዋታ ይሁን እውነት ግራ ገብቶት ወንዱን ያያል፤ ወንዱ ጋቢውን ከራሱ ላይ ጥሎ ያለቅሳል።

የግቢው በር ተከፈተ። ሲስቁ የነበሩት ሴቶች ገቡ፤ ጎረቤቷ ራህመት ከፊት ሆና ሻሿን ፈትታ ወገቧን ታስራለች። ወንዶቹ ተከተሉ። አንዱ ምንጣፍ አነጠፈ፣ አንዱ ውኃ አመጣ፣ ሁለቱ ዋሲላን በግራና በቀኝ ደገፏት።

ዑበይዱላህ አንገቱን ደፍቶ ጥያቄውን ጠበቀ። መቼ ነው፣ ማን ነገረህ፣ እንዴት ብለህ ደበቅካት የሚሉት መስሎት መልስ ይፈልግ ነበር። ግቢው እስኪሞላ ጠበቀ።

ማንም ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም፤ ለካ ሁሉም ሰምተው፣ እንደ እሱ ማርዳት ፈርተው ኖረዋል።