የቦራ አፍ

ሽታው በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት የትልቋ ልጅ ትዕግሥት አለቀ። የአባቷን ሳሎን ስትከፍት ሽታው ደጃፉ ላይ ተቀበላት። ቦራ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት አሮጌ ውሻ፣ እንደ ልማዱ በሽማግሌው እግር ላይ ተጋድሞ ጭራውን ወዘወዘላት።

"ይሄ አፍ ነው ወይስ የቆሻሻ ቦይ?" አለች መስኮቱን እየበረገደች።

"ውሻ ምን እንዲሸት ፈለግሽ? ሽቶ?" አሉ አባቷ ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ እየሳቡ። "ከከበደሽ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ።"

ደሟን የሚያፈላው ይሄ ነው። እናቷ ካረፉ ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠርጋለች፣ ታጥባለች፤ ሐኪም አባቷን ጣፋጭ ከከለከላቸው ጀምሮ የስኳሩን ዕቃ እንኳ ወደ ራሷ ቤት ወስዳዋለች። ምስጋና የሚባል የለም። ለውሻው ሲሆን ግን ጠበቃ ናቸው። የአዲሱ አንሶላ ጠርዝ በቀጭን በቀጭኑ ተቀዶ ስታገኘው እንኳ፣ "ቦራ ይሆናል፣ እንስሳ ነው፣ እለፊው" ብለው ነገሩን ዘጉት።

ውሻውን እየጎተተች ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰደችው። አባቷ አልሸኟትም፤ ሐኪም የሚባል ሰው አይወዱም፣ የውሻም ቢሆን።

በዚያ ቀን ቤቱ ያለ ቦራ ዋለ፤ ሽታው ግን ንቅንቅ አላለም። ምንጣፉ ውስጥ ገብቷል ብላ ምንጣፉን አውጥታ ክንዷ እስኪዝል ፈተገችው። አባቷ ከወንበራቸው አልተነሱም። በዙሪያቸው ጠረገች።

ማምሻውን ሐኪሙ ቦራን ሲያስረክባት ውሻው ከማደንዘዣው ገና በደንብ አልነቃም። ጥርሱ ላይ የጋገረው ቢጫ ድንጋይ ተፍቆ፣ አንድ የተነቃነቀ መንጋጋ ጥርስ ተነቅሎለታል።

"ጥርሱ መሀል ይሄን አገኘሁ" አለ ሐኪሙ። የነጭ ጨርቅ ክር ነው።

"አንሶላዬ!" አለች። "ሌባው ተያዘ!"

"ለዕድሜው ጥሩ አፍ ነው ያለው። ከዚህ በኋላ በየቀኑ መቦረሽ ብቻ ነው።" ለስላሳ ብሩሽና የውሻ ጥርስ ሳሙና ሰጣት።

መንገዱን ሙሉ ስትንጨረጨር ሄደች። እኔን ማን አስታውሶኝ ነው የውሻ ጥርስ የምቦርሸው!

ቢሆንም ለሳምንት ያህል በየማለዳው እየመጣች ቦረሸችው። ሽታው ባሰበት። ቅዳሜ ዕለት ሐኪሙ ዘንድ ደወለች።

"አጭበርባሪ! ምኑን ነው ያጸዳኸው?"

"እስቲ አፉን ከፍተው ያሽትቱት፣ እመቤት።"

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ቀጥላ የመጋዘን ዘበኛ ለሆነው ጎረቤት ደወለች፤ ውሻ ሲፈልግ ከርሟል። ሰውየው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ገመድ ይዞ በር ላይ ቆመ።

"እሱን ከወሰድሽ እኔንም አብረሽ ውሰጂኝ!" አሉ አባቷ። "የሚያስታግስልኝ እሱ ብቻ ነው!"

"እሱ ብቻ?" ዕንባዋ መጣ፤ ንዴቷ ግን ቀደመው። "ለእርስዎ ስንገላታ የኖርኩት እኔ ሳለሁ፣ ያስታገሰዎት ውሻ ሆነና አረፈው?"

"አንቺ አታውቂም።"

"አሳውቀውኝ ያውቃሉ?"

አባቷ የወንበሩን እጀታ ጨብጠው ለመነሳት ሞከሩ፤ ተመልሰው ተቀመጡ። እሷ አልጠበቀችም። የቦራን አንገት ማሰሪያ ይዛ ጎተተች። ውሻው አዲስ በጸዳ ጥርሱ የብርድ ልብሱን ጫፍ ነክሶ አልለቅ አለ። ባላት ኃይል ሳበችው፤ ከነብርድ ልብሱ መጣ።

የአባቷ ግራ እግር በአንሶላዋ የተቀደደ ጠርዝ ተጠቅልሏል፤ ውሻው ልሶ በፈታው በኩል የሚታዩት ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል።