ጉርሻና መርፌ

በአዲሱ ሕግ መሠረት የጥናት ተቋማት የሚያወጡትን የግብር ትንታኔ ለወገንተኝነት የሚመረምር ሰው፣ ውሳኔውን እስኪያስገባ ድረስ እጁ ላይ ባለመርፌ መለኪያ ያስራል። ልቡ በሥራም ሆነ በቤት ወደ አንዱ ወገን ካዘነበለ መርፌው ይነቃነቃል፤ ምርመራውም ውድቅ ይሆናል።

እማዋይሽ አንድ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ጥናት ስትመረምር ሁለት ወር ለፍታለች። ውሳኔዋን የምታስገባው ነገ ነው። ከጠዋት ጀምራ መርፌውን እያየች ዕረፍት አጥታለች። ምሳ ላይ ደግሞ ባሏ አምደወርቅና አማቷ እትዬ ዘርፌ በአንድ ጊዜ ጉርሻ ዘረጉላት።

"ማንን እንደምታስቀድሚ እንይ!" አሉ አማቷ እየሳቁ።

"እማማ፣ ይተዉኝ፤ መርፌው..."

"ጉርሻም ታክስ ተጣለበት እንዴ? ጉረሺ!"

ወጡ በአምደወርቅ ጣቶች መካከል ይንጠባጠባል። መርፌው እንዳይነቃነቅ ብላ ሁለት ወር ሙሉ "ሸሚዝህ ያምራል" እንኳ ብላው አታውቅም።

"መርፌው የራሱ ጉዳይ!" አለችና የባሏን ጎረሰች።

"ድሮም አውቄዋለሁ!" ብለው እትዬ ዘርፌ አጨበጨቡ።

አምደወርቅ ግን እጇን ይዞ መለኪያውን ወደ መስኮቱ አዞረው። መርፌው ንቅንቅ ሳይል ዜሮ ላይ ቆሟል።

"ተበላሽቶ ይሆናል" አለች፣ አፏ እንደሞላ።

"ዛሬ ጠዋት አስፈትሸሽው ደህና ነው ብለውሽ የለ?" አለና የእናቱን ጉርሻ ራሱ ጎረሰ።