ካኔላ ትነክሳለች

«ኧረ ተዉ፣ አይንኳት! ትነክሳለች!»

ሽማግሌው ግን እጃቸውን ከፈረሲቱ አንገት ላይ አላነሡም። ካኔላም አልነከሰችም። ጭራሽ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ዐይኗን ጨፈነች። ከተወለደች ጀምሮ ከበቆሎ አገዳ ሌላ ነክሳ አታውቅም።

«ዛሬ እንቅልፍ ይዟት ነው፤» አለ ፈረስ አስጋላቢው ኤልፒዲዮ ቶሎ ብሎ። «ቆይተው ያዩዋታል።»

ሽማግሌው ዶን ኤራስሞ እባላለሁ ብለዋል። በፈረስ እየዞሩ የአገሩን ምግብ ሊቀምሱ ነው የመጡት። ከየት እንደመጡ ሲጠየቁ በአገጫቸው ወደ ተራራው ጠቆሙ፤ በቃ። በጨርቅ የተጠቀለለ ድቡልቡል ነገር ይዘው ነበር፤ ኤልፒዲዮ ሊቀበላቸው ቢል እምቢ ብለው ከኮርቻው ኋላ በገዛ እጃቸው አሰሩት።

ኤልፒዲዮን ማን ያታልለዋል? የፈረሶቹ ባለቤት ዶን ፊደንሲዮ አስቀድሞ ነግሮታል፦ «ሰሞኑን ካኔላን የሚያይ ነጋዴ ይመጣል። ዋጋ እንዳንሰቅልበት እንግዳ መስሎ ነው የሚመጣው። አንተ ብቻ አሳምረህ አስጋልብልኝ።»

አሳምረህ! ካኔላ ስትወለድ በሸሚዙ ያደረቃት እሱ። እናቷ ስትሞትባት በጠርሙስ ወተት ያሳደጋት እሱ። የመንደሩ ጎረምሶች «ሚስትህ እንዴት አደረች?» እያሉ የሚያላግጡበትም በሷ ነው። ነጋዴ ከወሰዳት ዳግም አያያትም። ስለዚህ ቆረጠ፤ ማንም ዞር ብሎ እንዳያያት አድርጎ ያማታል።

 በዚህ ላይ ደግሞ የሮሰንዳ ነገር አለ። በደንቡ ሽማግሌ ልኮባታል። እናቱ የሰፋችው ጠርዘ ቀይ ቅርጫት ዳቦና ቸኮሌት ተሞልቶ ወደ ልጅቷ ቤት ሄዷል። ቤተሰቡ ቅርጫቱን ካስቀረው እሺ ማለት ነው፤ ባዶውን ከመለሰው እምቢ። እሱ ራሱ ደጃቸውን ረግጦ፣ ዘመዶቿንም አይቶ አያውቅም፤ ደንቡ አይፈቅድም። ቅርጫቱ እስከዛሬ አልተመለሰም። እሰየው ነው።

ሽማግሌው ካኔላ ላይ፣ እሱ በቅሎ ላይ ሆነው የቁልቁለቱን መንገድ ጀመሩ። ኤልፒዲዮ ትደነብራለች ብሎ በቅሎውን ሆን ብሎ ከካኔላ ጋር አጋጨው። ካኔላ ዞር ብላ አየችውና መንገዷን ቀጠለች።

መጀመሪያ የቆሙት ቂጣ ሻጯ ዶኛ ኦብዱሊያ ጋ ነው። ሴትየዋ ሽማግሌውን ስታይ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ጎንበስ አለች። ቦሎቄ የተሞላ ሰማያዊ የበቆሎ ቂጣ ከምድጃው አወጣች። ዶን ኤራስሞ ቂጣውን ለሁለት ቆርሰው ትልቁን ለኤልፒዲዮ ሰጡት።

«ማን አሳደጋት?» አሉ ወደ ፈረሲቱ እያዩ።

«እኔ፤ ዕድሌ ሆኖ። ሰነፍ ናት። በዚያ ላይ በልታ አትጠግብም።»

«ትመታታለህ?»

ይህን አልጠበቀም። በሕይወቱ አለንጋ አንሥቶባት አያውቅም።

«ካልተመታች መቼ ትንቀሳቀሳለች!» አለ።

ዶን ኤራስሞ ማኘካቸውን አቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ምን ነካህ?» አለች ዶኛ ኦብዱሊያ። «ትናንት እዚሁ ቆመህ ‹ንግሥቴ› ስትላት አልነበር?»

«ዶኛ ኦብዱሊያ፣ ቂጣዎ እያረረ ነው!»

ቂጣው አላረረም። ሴትየዋ ግን ወደ ምድጃዋ ዞረች።

ቀጥለው የበግ ሥጋ የሚበስልበት ጉድጓድ ጋ ደረሱ። በቃጫ ቅጠል የተጠቀለለው ሥጋ አፈር ውስጥ ሲበስል ነው ያደረው። ባለቤቱ አፈሩን ሊገልጥ አካፋውን አነሣና የኤልፒዲዮን ፊት አየ።

«አንተ ወዲያ ሂድልኝ! በዚህ ፊትህ አጠገቡ ከቆምክ ሥጋው ጥሬ ይወጣብኛል።»

«እኔ ምን ሆንኩ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ቁንጫ የገባበት ውሻ መስለሃል። ዛፉ ሥር ቁም!»

ኤልፒዲዮ ካኔላ የታሰረችበት ዛፍ ሥር ቆመ። ከዚያ ሆኖ ሁለቱ ሰዎች ሲንሾካሾኩ ያያል። ባለ ጉድጓዱ ወደ እሱ ጠቆመ፤ ሳቀ፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ዶን ኤራስሞ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አለቀ፤ ዋጋዋን እየጠየቁ ነው፤» አለ በልቡ።

ጎንበስ ብሎ ጠጠር አነሣ። የካኔላን የፊት እግር ሲይዝ እንደልማዷ ራሷ አነሣችለት። «ይቅር በይኝ፣ ንግሥቴ፤» አላትና ጠጠሩን በኮቴዋና በብረት ጫማዋ መካከል ወተፈው። ቀና ሲል ዶን ኤራስሞ ትኩስ ሥጋ በቂጣ ይዘውለት መጥተው ነበር። አይተውት ይሁን አይሁን ፊታቸው አያስታውቅም።

ሲመለሱ ካኔላ አነከሰች።

«አዩዋት? እግሯም አይረባም፤» አለ ኤልፒዲዮ።  «እውነቴን ነው የምልዎ፣ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስዳትም።»

ሽማግሌው ጥቂት ሄደው ከካኔላ ላይ ወረዱና ልጓሟን ይዘው በእግራቸው መጡ።

የዶን ፊደንሲዮ በር ላይ ሲደርሱ እግሯን አነሡ። ጠጠሩን በቢላ ጫፍ ፈልቅቀው አወጡና በኤልፒዲዮ መዳፍ ላይ አስቀመጡት። ካኔላ እግሯን መሬት ላይ አሳርፋ ተነፈሰች።

ኤልፒዲዮ ጠጠሩን ጨበጠ። ተንኮሉ ተነቃበት፤ ጤነኛ መሆኗ ታወቀ።

«ታዲያ...» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ይወስዷታል?»

ዶን ኤራስሞ ከኮርቻው ኋላ ያሰሩትን ጨርቅ ቀስ ብለው ፈቱ። ጠርዘ ቀይ ቅርጫት አወጡ፤ ባዶ ነበር። እግሩ ሥር አኖሩለት።

«ሮሰንዳችን እኮ ‹ካኔላን እንደሚወዳት ነው የሚወደኝ› ብላን ነበር፣ ልጄ።»