ሳይመዘገብ የተለመነው ልመና

የምክር ቤቱን ደብዳቤ በምዝገባ ቢሮዬ መስኮት በኩል ሳቀብለው አጎቴ አላነበበውም። ማስቲሽ የደረቀበትን አውራ ጣቱን ማኅተሙ ላይ አሳረፈ።

"ፈቀዱልን?"

"አልፈቀዱም፣ ጋሼ። ዛሬ ስብሰባው ላይ መናገር አትችሉም።"

ከኋላው አራት ጫማ ሰፊዎች የክት ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። ጫማ የሚሰፉበት መደዳ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ይሁን አይሁን ምክር ቤቱ የሚወስነው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው።

"ምን አጠፋን?"

"ባለፈው ሳምንት አንድ የምክር ቤት አባል እርስዎ ጋ ጫማ አሰፍተው ነበር?"

"አዎ፣ ሶሉ ተገንጥሎበት። እስክጨርስለት በካልሲው ተቀምጦ ጠበቀኝ።"

"ምን አሏቸው?"

"ምን እላለሁ? 'ሠላሳ ዓመት የተቀመጥንበት ነው፣ አታስነቅሉን' አልኩት። 'እስቲ እናያለን' አለኝ። በቃ።"

"እሱ ነው ጋሼ። ባለሥልጣን ለማግባባት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ እዚህ መመዝገብ አለበት። ሳይመዘገብ ካነጋገረ አቤቱታው ስድስት ወር አይሰማም። የመኪና ማቆሚያው ኩባንያ ጠበቃ አመልክተውብዎታል።"

"አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይኼ ነው!" አለ ጓደኞቹ 'ወስፌ' የሚሉት ቀጭኑ ሰውዬ። "እንደ ሁልጊዜው ሚስማርህን በአፍህ ይዘህ ብትሰፋ ምናለ!"

ማንም አልሳቀለትም።

ጠበቃው የመጣው ይኼኔ ነው። "ይቅርታ አባቴ" ብሎ አጎቴን በትህትና ገለል አደረገና የምዝገባ ቅጹን ሞልቶ ሰጠኝ። በዚህ ወር ብቻ ዘጠነኛው ነው። ማንን መቼ እንዳገኘ፣ የት አብረው ምሳ እንደበሉ፣ ስለ ምን እንዳወሩ አንድም ሳያስቀር ሞልቶታል። ከላይ እስከ ታች ጉድለት ፈለግሁበት። ሁለተኛ ገጹንም ገልብጬ አየሁ። ምንም የለውም።

ማኅተም መታሁለት።

"መቼም እናንተ ቢሮ ያለው ሥርዓት!" ብሎኝ ወደ አዳራሹ ገባ።

አጎቴ መነጽሩን አውጥቶ ደብዳቤው ላይ የተጠቀሰውን የደንቡን አንቀጽ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። እናቴ ስትሞት ወስዶ ያሳደገኝ፣ ማታ ማታ ደብተሬን ጮክ ብዬ እንዳነብለት የሚያደርገኝ እሱ ነበር።

"ማነው ይኼን አንቀጽ የጻፈው?"

ብዋሽ ማንም አያውቅብኝም ነበር።

"እኔ ነኝ ጋሼ። ያንን ጠበቃ ለመያዝ ብዬ ነበር።"

ቀና ብሎ አላየኝም። እንደገና ከመጀመሪያው አነበበው።

"ጥሩ ተጽፏል" አለ። "ማምለጫ የለውም።"

አዳራሹ ውስጥ ደወል ተደወለ። ጥበቃው በሩን ዘጋው። ወስፌና ሌሎቹ እኔን ያያሉ፤ እኔ አጎቴን አያለሁ።

"እስቲ ቅጹን ስጪኝ" አለ።

"ስድስት ወር አለብዎት እኮ፣ ጋሼ። አሁን ቢሞሉትም አልቀበልዎትም።"

"ግድ የለም፣ አሞላሉን ልልመደው።"

ሰጠሁት። መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስደግፎ ስሙን እስከ አያቱ ጻፈ። ዕድሜውን ጻፈ። ሙያ በሚለው ላይ 'ጫማ ሰፊ' ብሎ በትልልቁ ጻፈ።

'የሥራ ቦታ አድራሻ' የሚለው ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሳና ቀና ብሎ አየኝ።