ወርቁን ያገኘው ክላርኔት

የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደልም እስታለሁ፤ ስምንተኛ ክፍልን ያለፍኩት እንደምንም ነው።

የዓለም ወጣት ሙዚቀኞች ውድድር የተካሄደው እኔ በማጸዳው አዳራሽ ነበር። የዚያ ዓመት ተራ የክላርኔት ነው። ለመጨረሻው ዙር አሥራ ሁለት ልጆች ደረሱ፤ አንደኛ የሚወጣው ትልቁ ኦርኬስትራ ውስጥ ይቀጠራል። አሥራ ሁለተኛው ታላቅ ወንድሜ ነበር።

ፈተናው አይተውት የማያውቁትን ዜማ ከወረቀት እያነበቡ መጫወት ነው። ዜማውን የዳኞቹ ሰብሳቢ ራሳቸው በሁለት ገጽ በእጃቸው ጽፈውታል። ተጫዋቹ እንዳይታወቅ በመድረኩና በዳኞቹ መካከል መጋረጃ ተጋርዷል። ተራ የሚጠብቁትም ዜማው በማይሰማበት ክፍል ተቆልፎባቸዋል። ከመጋረጃው ኋላ ወረቀቱን ለየተወዳዳሪው የምደረድረው እኔ ነበርኩ። ኖታ ስለማላነብ ታምኜ ነው።

ወንድሜ ተጫውቶ ሲወጣ ላብ አጥምቆታል።

«ምን ዓይነት ዜማ ነው ባክሽ!» አለኝ። «ሰላም ሳይል ገብቶ ሲወጣ እንደምን አደራችሁ የሚል እንግዳ!»

ውጤቱ ሲነገር ሰብሳቢው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ተነሡ።

«አሥራ አንዱ ሰሙን ተጫወቱልኝ» አሉ። «ወርቁን ያገኘው ይሄ ልጅ ብቻ ነው። ለእኔ ለጻፍኩት እንኳ እንዲህ አልገባኝም ነበር!»

አንዷ ዳኛ ግን አላመኑም። «ሳይነገረው እንዲህ አይጫወትም» አሉ። እህቱ መሆኔ ሲታወቅማ ጉድ ፈላ። ቢሮ ተጠራሁ። ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ወረቀቱን ቀደም ብለሽ አሳይተሽዋል አይደል?» አሉኝ ዳኛዋ።

«በእናቴ፣ አላሳየሁም!»

«ታዲያ እህቱ ሆነሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«የጠየቀኝ የለም፣ እትዬ።»

«እሷ እንኳን ምስጢር ልታወጣ፣ ስሟንም ተጨንቃ ነው የምትናገረው» አለ ወንድሜ።

ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መቱ። «ዜማውን የጨረስኩት ዛሬ ጠዋት ነው! እስኪጀመር ድረስ ከደረት ኪሴ አልወጣም። መቼ ልታሳየው? የሚሰማ ጆሮ ከሌላችሁ ልጁን ተዉት!»

ዳኛዋ አፈሩና ይቅርታ ጠየቁኝ። ወንድሜ ተቀጠረ። በድምፅ የተቀዳው ጨዋታው ዛሬ አዳራሹ ባለበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሰማል፤ እዚያ የሚያስተምሩት ሰብሳቢው ተማሪዎቻቸውን «ወርቅ ማለት ይሄ ነው፣ ስሙ!» ይሏቸዋል። እኔም ኮሪደሩን እየወለወልኩ እሰማለሁ።

ለማንም ያልነገርኩት ይህን ነው፤ የወንድሜ ተራ ሲደርስ ወረቀቶቹ ከእጄ አምልጠው ወደቁብኝ፣ ሳነሣቸውም ሁለተኛውን ገጽ አስቀድሜ ነው የደረደርኩለት።